እናቷ ያልተሰለፈችላት ዕጩ

ከደብረ ማርቆስ የተነሳነው ማለዳ ነው፤ እኔ፣ እህቴ የሺ እና አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ። የመንፈቅ ዓመት እረፍት ላይ ነበርኩ። ሌላው የሒሳብ መምህር እረፍቱን ተኝቶ ሲያሳልፍ እኔ በጥር ብርድ ድምፅ ልለምን ወጣሁ። ምን ቆርጦኝ እሺ እንዳልኳት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺ ከማርቆስ ዳር የወተት ላሞች ታረባለች። ወተቷን የምታስረክበው ለወተት አምራቾች ዩኒየን ሲሆን፣ ዩኒየኑ ዘንድሮ ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ከእኛ አካባቢ የሚቀርበው ዕጩ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ፈላጊዎቹ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ። አባላቱ ድምፅ የሚሰጡት በየተራ ነው፤ መጀመሪያ ደምበጫ፣ ቀጥሎ አምበር፣ በመጨረሻ መርጡለ ማርያም። ከሦስቱ ሁለቱን ያሸነፈ ዕጩ ይሆናል። ተወዳዳሪዎቹ የሺና እስከ ዛሬ ፕሬዚዳንት ሆነው የቆዩት ጋሽ አዱኛ ናቸው።

ዩኒየኑ ሁዳዴ ሲገባ የወተት መሰብሰቢያውን ይዘጋል። ላም ግን ጾም አታውቅም፤ ትታለባለች፣ ትበላለችም። የፈረንጅ ላም ወተቷ ብዙ ቅቤዋ ጥቂት ስለሆነ ንጦ ማስቀመጥም ብዙ አያዋጣም። ባለፈው ዓመት የሺ ወተቱን ስትደፋ ከርማ፣ የላም መኖ፣ የፋጉሎ መግዣ ሲያጥራት ከጥጃነቷ ያሳደገቻትን ላም ሸጠች። ላሚቱ ከግቢ ስትነዳ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ዘግታ አለቀሰች። ዘንድሮም መሰብሰቢያው ከተዘጋ የቀረችው ላሟ የሽልሜ ተራ ነው። ሁዳዴ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

እኔ በሙያዬ እመካለሁ፤ ከመነሳታችን በፊት ሁሉን አስልቼ ጨርሻለሁ። ወጣትና ሴት ለየሺ፣ ሽማግሌና ካህን ለጋሽ አዱኛ። ደምበጫ በማኅበር የተደራጀ ወጣት ይበዛዋል፤ የእኛ ነው። አምበር የተወለድንበት ነው፣ እናታችንም እዚያ የማኅበሩ አባል ናት፤ እሱም የእኛ ነው። መርጡለ ማርያም ግን ጾም አጥባቂ የሽማግሌ አገር ስለሆነ ገና ከቤት ሳንወጣ ለጋሽ አዱኛ ሰጥቼዋለሁ።

«ሁለቱን ካገኘን ሦስተኛው ምን ያደርግልናል?» አልኳት።

«አንተ ሰው ሳትጠይቅ ነው የምታሸንፈው» አለችኝ።

ወደ ደምበጫ

መናኸሪያ እንደደረስን መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠየቅን፤ በዚህ ዘመን ከታሪፍ በፊት የሚጠየቀው ይኸ ነው። ክፍት ነው አሉን። ታሪፉን ደግሞ ሾፌሩ የተሳፋሪውን ፊት እያየ ነው የሚናገረው፤ የእኔ ፊት ሁልጊዜ ውድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አንገቴን ሳስገባ ጋቢና የተቀመጡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ራሳቸው ጋሽ አዱኛ!

«ና ግባ እንጂ፣ እህትህን ብርድ ላይ አታቁማት» አሉኝ። ተነስተውም ጋቢናውን ለየሺ ሊለቁላት ነበር፤ እሷ በፍጹም አለች። ጋሽ አዱኛ የክርስትና አባቴ ናቸው። አባታችን የሞተ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉት፣ ለቀስተኛውን ቆመው ያስተናገዱት እሳቸው ናቸው። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ መወዳደር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። በአንድ መኪና ተሳፍረን፣ አንዱን ዳቦ ቆሎ እየዘገንን በአማኑኤል በኩል አለፍን። እህሉ ታጭዶ ተወቅቶ የጭዱ ክምር በየማሳው ቆሟል፤ በስተቀኝ የጮቄ ተራራ አናቱን ጭጋግ ሸፍኖታል። ሰማዩ ስር የሚታየው ሁሉ ደረቅና ቢጫ ነው።

ደምበጫ የገበያ ቀን ነበር። ባጃጁና ጭነት የያዘው ፈረስ መንገዱን ተጋፍተውበት፣ ሾፌራችን ጥሩንባውን ሲነፋ ፈረሶቹ ንቅንቅ አላሉም። አባላቱ የተሰበሰቡት ከማኅበሩ መጋዘን ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ጋሽ አዱኛ ተናገሩ፤ በሁዳዴ ወተት ገዢ እንደሌለው፣ ጋኑ ውስጥ ቢበላሽ ኪሳራው የሁሉም እንደሆነ ረጋ ብለው አስረዱ። ውሸት የለበትም።

የሺ ተነሳች። «የማይጾም ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ። ጎረቤቴ መምህርት ዘሃራ ከወሎ መጥታ ነው ማርቆስ የምታስተምር፤ እኛ በሁዳዴ ወተት ስንደፋ እሷ ለልጆቿ ወተት ፍለጋ ከተማውን ታስሳለች። ገዢ ጠፍቶ አይደለም፣ ፈልገነው ስለማናውቅ ነው። የተረፈውን ዩኒየኑ ባለው ማሽን ቅቤውን አውጥቶ ለፋሲካ ማቆየት ይችላል።»

ድምፅ የሚሰጠው በሰልፍ ነው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ደጋፊ ከኋላቸው ይሰለፋል፣ የረዘመው ሰልፍ ያሸንፋል። ገና ተሰለፉ ሲባል አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣት እየሳቀች ሮጣ ከየሺ ኋላ ቆመች፤ ጓደኞቿ ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ማሰብ ያስፈለገው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ግራ ቀኝ ሲያይ የነበረው ሁሉ ወደ ረዘመው ሰልፍ ተሳበ። ልቤ ቅቤ ጠጣ! ወጣትና ሴት ብዬ የለ?

ምሳ የበላነው ከጋሽ አዱኛ ጋር ነው። ሒሳቡን ልከፍል ብነሳ እጄን ጠምዝዘው አስቀመጡኝ።

«ኧረ ያሸነፈ ይክፈል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ተው እንጂ! የተሸነፈ ሰው ምሳ እንኳ ካልጋበዘ ምን ቀረው?» ብለው ሳቁ።

አምበር

በማርቆስ በኩል ተመልሰን አምበር ስንገባ የደምበጫው ወሬ ቀድሞን ደርሷል። ባጃጅ ተራ ላይ የቆሙት ሳይቀሩ «እትዬ የሺ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ይሏታል። ያሸነፈ ሰው ሁሉም ዘመዱ ነው፤ እናታችን ቤት እስክንደርስ ድረስ ስንት አዲስ ዘመድ እንዳፈራን አልነግራችሁም። እማዬ በር ላይ ተቀበለችን፣ ግንባራችንን ሳመችን፣ አብልታ አጠጥታ አስተኛችን። ስለ ምርጫው አንድም ነገር አላነሳችም፤ እኛም አልጠየቅናት። እናትን ለማን ትሰለፊያለሽ ብሎ ይጠየቃል እንዴ?

ጠዋት ስብሰባው የተደረገው ከገበያው አጠገብ ካለ ዋርካ ስር ነው። አምበር ላይ ሰልፉ የሚጀመረው በታላላቆች ነው፤ ታላቅ ሳይነሳ ታናሽ አይነሳም። ከወንዶች ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተነስተው ወደ ጋሽ አዱኛ ሄዱ። ይኼን ጠብቄዋለሁ። ከሴቶች ታላቅ ተብላ የተጠራችው እማዬ ናት።

ነጠላዋን አጣፋች። የሺን አየቻት፣ ሕዝቡን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ ከጋሽ አዱኛ ኋላ ቆመች።

ጋሽ አዱኛ ራሳቸው ዞር ብለው «እሜቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን?» አሏት።

«አልተሳሳትኩም» አለች እማዬ፣ መሬት መሬት እያየች።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ማታ «አለንልሽ» ያሉን የአክስት ልጆች፣ ጎረቤቶች፣ ወተት ከእማዬ ጋር የሚያመላልሱ ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ እናቴን ተከትለው ወዲያ ማዶ ሄዱ። ወጣቶቹ አባቶቻቸውን አዩ፣ አባቶቻቸው እናቴን አዩ። የሺ ኋላ የቀሩት ጥቂት እልኸኞች ብቻ ነበሩ። የሺ ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ከንፈሯን ነክሳ ወደ ፊት ስታይ አንጀቴን በላችው፤ እኔ አባል ባልሆንም ሮጬ ከኋላዋ ልቆም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቤት ስንገባ የሺ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «እማዬ፣ ምን በደልኩሽ?» አለች።

«ምን ትበድይኛለሽ ልጄ! አገር እያየኝ ለገዛ ልጇ ተሰለፈች ይበሉኝ? እንደ ስስታም፣ እንደ ዓይን አውጣ? ነገ በማን ፊት አልፋለሁ? ደግሞ እኔ አንዷ ብጎድል ምን ይጎድልባታል፣ ሌላው ሰው አለላት ብዬ ነው።»

«ሌላው ሰው እኮ አንቺን ነው ሲያይ የነበረው!»

እማዬ መደብ ላይ ተቀመጠች። ይኼ ፈጽሞ እንዳልታያት ፊቷ ላይ አየሁ። እሷ ጨዋነት ብላ ያደረገችው፣ ለሕዝቡ ሌላ ነገር ሆኖ ደረሰው፤ ወልዳ ያሳደገቻት ካላመነቻት አንድ ነገር ብታውቅባት ነው፣ አሉ። እኔም ተናደድኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። በእማዬ ተናደድኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሴት ብሎ፣ ወጣት ብሎ ሰውን እንደ ባቄላ ለይቶ በሰፈረው በራሴ ተናደድኩ።

«እኔም መርጡለ ማርያም እሄዳለሁ» አለች እማዬ።

«እዚያ ድምፅ የለሽም» አልኳት።

«አፍ አለኝ።»

በደጀን፣ በቢቸና

ወሬው ከእኛ በፊት ተሳፍሯል። ስልክ በስልክ ነው የሚሄደው። ደጀን ላይ ተገንጥለን ወደ ቢቸና ስንታጠፍ የጥር ሙሽሮች በየመንገዱ አጋጠሙን፤ የሰርግ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ሲያልፉ አቧራው ሚኒባሳችን ውስጥ ገብቶ ሁላችንንም አመድ አስመሰለን። ጋሽ አዱኛ እንደ ልማዳቸው ጋቢና ናቸው፤ አንዴ እንኳ ዞረው አላዩንም። ያፈሩ ይመስለኛል። ቢቸና ሽሮ በላን፤ የሺ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ተወችው። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፣ ተሳፈርን፣ ደብረ ወርቅን አለፍን።

ደብረ ወርቅ የተሳፈረ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ከእማዬ ጎን ተቀመጠ። ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ትንሽ እንደሄድን «መርጡለ ማርያም ነገ ምርጫ አለ አሉ» ብሎ ጀመረ። «አንዲት የማርቆስ ሴት ጾም ልታስፈታን መጥታለች። አምበር ላይ እናትየዋ እንኳ አልቆመችላትም አሉ!»

ወንበሬ ውስጥ ልሰጥም ደረስኩ። የሺ በመስኮት ወደ ውጭ ዞረች።

«እናትየዋን ታውቃታለህ?» አለችው እማዬ።

«ኧረ ከየት አውቃታለሁ እማማ! ግን የወለደቻት ያልወደደቻትን እኛ በምን እንወዳታለን?»

«እናትየዋ እኔ ነኝ።»

ነጋዴው «አፈር ስሆን እማማ፣ አፈር ስሆን ይቅር ይበሉኝ» እያለ ጉልበቷን ሊስም ጎነበሰ። እማዬ ትከሻውን ይዛ አቀናችው። «አንተ ምን አጠፋህ፣ ያደረግኩትን ነው የነገርከኝ» አለችው። እስክንደርስ ድረስ ግን ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ ሁለቴ አይቻታለሁ።

መርጡለ ማርያም

ከከተማው መግቢያ ላይ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የፈረንጅ ላሞች ከየደጁ ታስረው አየሁ። በእኔ ስሌት እዚህ የሀበሻ ላም ብቻ ነበር የሚኖረው። የሺ «ከዓመታት በፊት ጊደር ለሽማግሌዎችና ባል ለሞተባቸው ሴቶች ተሰጥቶ ነበር፤ አላውቅም ነበር አትበለኝ» አለች። አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ ወደ ማኅበሩ ግቢ ገባ። ሰብሳቢው መርጌታ ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተቆጠበ። ገና ሲጀምሩ «እኛ ዘንድ ሰልፍ ቀርቷል» አሉ። «በሰልፍ ጊዜ ወንድም ከወንድም ተኳርፎ፣ የንስሐ አባቶች በማስታረቅ ደከሙ። አሁን በሽምብራ ነው።»

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ሰፊ ጋቢ ወጥረው ይይዛሉ። ከጋቢው ጀርባ ሁለት ማሰሮ ተቀምጧል፤ በቀኝ ያለው የየሺ፣ በግራ ያለው የጋሽ አዱኛ። እያንዳንዱ አባል አንዲት ሽምብራ ተቀብሎ ብቻውን ይገባል። ማሰሮዎቹ ውስጥ ጭድ ተነጥፏል፤ ሽምብራዋ ስትወድቅ በድምፅዋ የት እንደገባች እንዳታሳብቅ ነው።

ጋሽ አዱኛ ተናገሩ፣ የሺ ተናገረች። ሰዉ የሺን ሲያይ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው፤ ሹክሹክታው እኛ ድረስ ይሰማል። ያን ጊዜ እማዬ ተነሳች።

«እኔ እዚህ ድምፅ የለኝም። አባቶቼ ከፈቀዱልኝ አንድ ቃል ብቻ።»

መርጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አምበር ላይ ለልጄ አልተሰለፍኩም። ክፉ ሆና አይደለም። ልጄ ስለሆነች ነው። ከእናንተ መካከል አገር እያየው ለልጁ የሚያጨበጭብ ካለ ይንገረኝ።» ዝም አሉ። «አያችሁ? የኔን እፍረት እሷ ላይ አትቁጠሩባት።» ብላ ተቀመጠች። የሺ እጇን ያዘችላት።

ከወደ ኋላ አንድ ጠና ያሉ ሽማግሌ ተነሱ። ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ናቸው፤ በእኔ ስሌት የጋሽ አዱኛ ቁርጥ ደጋፊ። «ስለ ጾም ይወራል» አሉ። «እኔ ቤት ከቅበላ እስከ ፋሲካ የወተት ጠብታ በማንም አፍ አይዞርም። የከተማው ሰው ሰርቆም ቢሆን ይጠጣው ይሆናል። እኛ ጿሚዎቹ ነን ሁሉ የሚተርፈን! ባለፈው ዓመት እርጎውን ውሻ ጠጣው። ወተቱን ለሚጠጣው ብንሸጠው ጾማችን በምን ይፈርሳል?»

ለካ ጾም አጥባቂውን ከየሺ ተቃዋሚ ተራ የጻፍኩት ጨርሶ በተቃራኒው ነው! አብዝቶ የሚጾም፣ አብዝቶ የሚደፋ እሱ ነው። ይኼን ለማወቅ ደግሞ ስሌት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር። እህቴ ማርቆስ ላይ ነግራኛለች።

ሰዉ አንድ በአንድ ከጋቢው ጀርባ ገባ፣ ወጣ። ማንም ማንንም አላየም። ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ ልጆች አባቶቻቸውን ሳያዩ ተመለሱ። የሺ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነበር፤ ምን እየጸለየች እንደሆነ አልጠየቅኳትም። በመጨረሻ መርጌታ ጋቢውን አስነጥፈው ማሰሮዎቹን ፊት ለፊታችን ገለበጡ። ገና ሳይቆጠር በዓይን ይታይ ነበር፤ በቀኝ በኩል የፈሰሰው ሽምብራ ክምር ሆነ።

እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና በእጇ ያዘችው። አሁንም የሚያያት ሰው አለ። ሽንኩርት ነጋዴው ግን፣ ለካ አባል ኖሯል፣ በእሷ ፈንታ «እልልልል!» አለላት፤ ወንድ እልል ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ በሳቅ ፈነዳሁ።

ጋሽ አዱኛ መጥተው የሺን ጉንጯን ሳሟት። «እኔ ከዚህ የሚበልጥ ድምፅ አለኝ ብዬ ነበር የምኖረው» አሉ። «ስንት ዓመት ከኋላዬ ተሰልፎልኝ የነበረው ሰው፣ ለካ ፊቴን ፈርቶ ነው።» ደስም አላላቸው፣ አልተቆጡምም። ከዚያ ቀን በፊት እንደዚያ ደክሟቸው አይቼ አላውቅም፤ አሳዘኑኝ።

ወደ ቤት

በመጣንበት መንገድ፣ በዚያው አቧራ ተመለስን። አምበር ላይ እማዬን ልናወርድ ስንቆም ሰዉ ከቦን ነበር። «ልባችን ካንቺ ጋር ነበር እኮ እትዬ የሺ!» የማይል አልነበረም። የሺ ሁሉንም እሺ፣ ይሁን እያለች አቀፈች። የሚዋሹ አልመሰለኝም። አንዳንዱ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይኸ ነው። ሰው ወጣት ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ሴት ናት፣ ጿሚ ነው ብሎ መመደብ ይቻላል፤ ትንሽ እውነትም አለው። ሲመርጥ ማን እያየው እንደሆነ ካላወቁ ግን ስሌቱ ገደል ይገባል። ደምበጫ ያሸነፍነውም፣ አምበር የወደቅነውም በዓይን ነው። የደምበጫዋን ባለ ሻሽ ወጣት አስብና፣ እሷ ወደ ሌላው ብትሮጥ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር እላለሁ።

ማርቆስ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። የሺ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በረት ገባች፤ ጎረቤት በአደራ ሲያልባት የሰነበተችው ሽልሜ ድምፅዋን ስትሰማ ጆሮዋን አቆመች። እኔ በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። በሆዴ የነበረውን ጠየቅኳት።

«እታለም፣ እማዬን ተቀይመሻታል?»

«መንገድ ላይ ሳስበው ነበር» አለች፣ ላሚቱን ማለቧን ሳታቋርጥ። «የእኔ ልጅ ብትወዳደር፣ አገሩ ሁሉ እያየኝ፣ የት ነበር የምቆመው ብዬ።»

«የትስ ትቆሚ ነበር?»

«እማዬ የቆመችበት።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ወንበሩን ካገኘሁት መጀመሪያ የማስቀረው ሰልፉን ነው። ወተቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው።»